ተኳሿ ሆቴል ስትመርጥ

ሰፈሩ «ተኳሿ» ነው የሚላት። ስሙን አዲስ የሰማ ሰው በወጣትነቷ ጦር ሜዳ የዋለች ሴት ትመስለውና ጠጋ ብሎ ያያታል። እሷ ግን ዕድሜ ልኳን የተኮሰችው አንሶላ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ላውንደሪ ውስጥ ቆማ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የጠረጴዛ ጨርቅ ስትተኩስ ኖራለች። ሆቴሉ አንሶላውን በአንድ በኩል ውጦ በሌላ በኩል ተኩሶ የሚተፋ ማሽን በገዛበት ዓመት በጡረታ ተሸኘች። ከዚያ ወዲህ ቤቷ ሆና የጎረቤት ሸሚዝ ትተኩሳለች።

ሆቴል የሚባለውን ነገር የምታውቀው ከሥር በኩል ነው። ማን ወይን እንደደፋ፣ ማን ከነጫማው እንደተኛ፣ የትኛዋ ሴት ስታለቅስ አድራ ትራሱን በኩሏ እንዳጠቆረችው ሁሉንም ከላይ የሚወርደው ጨርቅ ይነግራት ነበር። ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቀች አንዲት ቀን እንኳ እንግዳ ሆና በሆቴል አልጋ ላይ ጎኗን አሳርፋ አታውቅም።

የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። ታናሽቱ ባሏ ሞቶባታል፤ ታላቂቱ ደግሞ፣ እሷው እንደምትለው፣ «ሳይመጣ ቀርቶባታል»። ታላቂቱ በስልክ ኦፕሬተርነት ሠላሳ ዓመት ሠርታለች። ጆሮዋ የተሳለ ቢላ ነው፤ ሰው «ሃሎ» ሲላት ተበሳጭቶ ይሁን ከእንቅልፉ ተነሥቶ ታውቃለች። ዓይኗን ግን ሞራ ሸፍኖት ሁለት ዓመት ሆናት። ሰውን እንደ ጥላ፣ መብራትን እንደ ተፈታ ጥጥ ታያለች።

ከብዙ መመላለስ በኋላ በሌላ ከተማ ካለ የዓይን ሆስፒታል ቀጠሮ ተገኘ። በሰፈራቸው ጤና ጣቢያ ወረቀቱን የሚሞላው ጸሐፊ «የአስታማሚ ሥራ?» ብሎ ሲጠይቅ ታናሽቱ «ተኳሽ» አለችው፤ ሰውዬው እስክሪብቶውን አቁሞ ቀና አለ።

«የልብስ» አለች ታላቂቱ ቶሎ ብላ።

«እሺ። ኦፕራሲዮኑ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ግን በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን መታየት ስላለባቸው፣ ከሆስፒታሉ አጠገብ ሆቴል ያዙ። በኢንተርኔት ነው የሚያዘው፤ ቀደም ካላላችሁ ይሞላል።»

በዚያ ከተማ ዘመድ የላቸውም። ታላቂቱ ወደ ቤት ሲመለሱ ክንዷን ጨበጥ አድርጋ «አይዞሽ፣ ሆቴል ካንቺ በላይ ማን ያውቃል?» አለቻት። ታናሽቱም መንገዱን ሙሉ ይህንኑ አመነች።

በማግስቱ ጠዋት ካውያውን ነቅላ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኳን ይዛ ተቀመጠች። የከተማውን ስም ጽፋ ስትፈልግ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሆቴል ተዘረገፈላት። የመጀመሪያውን ነካ አደረገችው። በራፉ ላይ አራት ኮከብ አለው፤ እንግዶቹ ግን ከአስር አምስት ነጥብ ሰባት ሰጥተውታል። ቀጥሎ ያለው ምንም ኮከብ የለውም፤ እንግዶቹ ዘጠኝ ሰጥተውታል። የቱ ነው የሚታመነው? ስለ ኮከብ እንደሆነ ታሪኩን ታውቀዋለች። የእሷ ሆቴል ኮከብ ያገኘ ጊዜ ለመርማሪዎቹ አዳዲስ ፎጣ ተበድረው ነበር። ሰዎቹ እንደሄዱ ያንን ፎጣ አጥባና ተኩሳ ለባለቤቱ የመለሰችው እሷው ናት። የእንግዶቹስ ነጥብ?

«አስተያየቱን አንብቢልኝ» አለች ታላቂቱ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ።

«"ገነት ነው፣ ገነት! ተመልሰን እንመጣለን" ይላል አንዱ።»

«ጥሩ። ቀጥዪ።»

«"እንኳን ወዳጄ ጠላቴ እዚህ እንዲያድር አልመኝም" ይላል ሌላው።»

«ያው ሆቴል?»

«ያው ሆቴል፣ ያው ሳምንት።»

«እሺ፣ ሌላ።»

«አንዷ ደግሞ አስር ከአስር ሰጥታ "ውሃ አልነበረም፣ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፣ በጣም ደስ የሚል ቆይታ ነበር" ትላለች።»

«አዲስ ሙሽራ ትሆናለች።»

«ይሄኛው ከአስር አንድ ሰጥቶ "አራቱንም ቀን ዘነበ" ይላል።»

«ዝናቡን ሆቴሉ ነው የሚያዘንበው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እትዬ? የተጻፈውን ነው የማነብልሽ!»

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል፤ ግን የመላው ጫፍ ከየት ይያዛል? አንዱ ያመሰገነውን ሌላው ይረግመዋል። አንዱ ሠራተኞቹን «እንደ እናት» ሲል ሌላው «እንደ እንጀራ እናት» ይላል። መያዣ መጨበጫ የሌለው ነገር ሆነባት። ይህ ሳያንስ በድንገት በስልኩ ላይ ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ «ይህን ሆቴል አሁን ሰባት ሰዎች እያዩት ነው! የቀረው አንድ ክፍል ብቻ ነው!»

ተኳሿ ሳታስበው ዞር ብላ በሩን አየች።

«ምን ሆንሽ?» አለች ታላቂቱ።

«ሰባት ሰዎች እያዩት ነው ይላል። አንድ ክፍል ነው የቀረው።»

«ሰባቱ እነማን ናቸው?»

«አይናገርም።»

«እንግዲያው እኛም ለእነሱ ከሰባቱ አንዱ ነን። እነሱም እኛን ፈርተው ተቀምጠዋል» አለች ታላቂቱ። ይህ ትንሽ አጽናናት። ግን በሦስተኛው ቀን ስታየው ያው አንድ ክፍል፣ ያው ሰባት ሰው ነበር። ሳይበሉ ሳይጠጡ፣ ሳይተኙ፣ ሳይገዙ ያንኑ በር የሚያዩ ሰባት ሰዎች ወደ ሐሳቧ እየመጡ አስቸገሯት።

በአራተኛው ቀን ከሆስፒታሉ አቅራቢያ ያለ፣ ስሙም ደስ ያላት አንድ ሆቴል አገኘች። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች። «ባለ አንድ አልጋ»፣ «የቤተሰብ»፣ «ልዩ ክፍል» የሚሉ ሦስት ዓይነት ክፍሎች አሉት። በአንዱ መጋረጃው ሰማያዊ ነው፣ በአንዱ ቡናማ ነው፣ በልዩው ደግሞ ወርቃማ። ሁለት ጣቷን እየከፈተች አልጋውን አቅርባ አየችው፤ የቆየ የሥራ ልማድ ነው። አንሶላው ጥግ ላይ፣ ከጠርዙ ስፌት አንድ ጣት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ የካውያ ጫፍ የመሰለች ፈዛዛ ቡናማ ነጥብ አለች። የቃጠሎ ነው። ለሌላ ሰው አይታይም፤ ለእሷ ግን እንደ ጥቁር ድመት ይታያል። ወደ ሁለተኛው ክፍል ሄደች። ያችው ነጥብ። ወደ ልዩው ክፍል ሄደች። ያችው፣ በዚያው ጥግ።

«እትዬ! ሦስቱም ክፍል አንድ አንሶላ ነው!»

«አንድ ዓይነት ማለትሽ ነው?»

«አንድ! አንዲት ራሷ! መጋረጃ እየለወጡ አንዱን አልጋ ሦስት ጊዜ አንስተውታል!»

ይህን ያህል ስላወቀች ኩራት ቢጤ ተሰማት። ስልኩን ይዛ መንገድ ዳር ወዳለው ፎቶ አንሺ ወረደች፤ የሰፈሩን ሰው ሁሉ የመታወቂያ ፎቶ የሚያነሳው እሱ ነው። አሳየችው። አየና ሳቀ።

«የኔ እናት፣ ያቺን ኮት ያዩዋታል?» አለና ግድግዳው ላይ የተሰቀለች ጥቁር ኮት አሳያት። «በዚህ ሰፈር መታወቂያው ላይ ኮት የለበሰ ወንድ ሁሉ የለበሰው እሷን ነው። ደላላውም፣ ባንክ ቤት የሚሠራው ልጅም። ታዲያ ሰዎቹ የሉም ማለት ነው?»

«እና ሆቴሉ ጥሩ ነው ትለኛለህ?»

«እሱን አላልኩም።»

«መጥፎ ነው?»

«እሱንም አላልኩም። የእንግዶቹን ፎቶ ይዩ፣ የባለቤቱን ይተዉት።»

የእንግዶቹን ፎቶ አየች። አንዱ የመታጠቢያ ቤቱን ፍሳሽ ጉድጓድ አንስቷል። አንዷ ጀምበር ስትጠልቅ አንስታለች። አንዱ መስኮት ላይ የተቀመጠች ድመት፣ ሌላው ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ፣ የገዛ እግሩን አንስቷል። ፎቶ አንሺው ስታመነታ አይቶ የሆቴሉን ስም ፈለገና የስልክ ቁጥር ጻፈላት። «ይደውሉና ይገላገሉ!»

ደወሉ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው መሀላቸው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት፤ ታላቂቱ ድሮ ሥራ ላይ እንዳለች ቀጥ ብላ ተቀመጠች። የሪሴፕሽኑ ወጣት ድምፁ ቅቤ ነው። ሙቅ ውሃ? አለ። ጸጥታ? አለ። ንጽሕና? ከሁሉም በላይ እሱ ነው። ታላቂቱ በእጇ አፏን ከልላ «ከወረቀት እያነበበ ነው» ብላ አንሾካሾከች።

ተኳሿ ጉሮሮዋን ጠራረገችና «ከላውንደሪው ጋር አገናኘኝ» አለች።

«ከ... ከየት ጋር?»

«ከላውንደሪው። ልብስ ከሚታጠብበት።»

ወጣቱ ወረቀቱ ላይ ይህ ስለሌለ ሳይሆን አይቀርም፣ ዝም ብሎ አገናኛት። የማጠቢያ ማሽን ጉርምርምታ መጣ፣ ከዚያ የሴት ድምፅ፦ «አቤት?»

ያንን ጉርምርምታ ስትሰማ ተኳሿ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። «እህቴ፣ ለአንድ አልጋ ስንት ተለዋጭ አንሶላ አላችሁ?»

ሴትዮዋ ተጠራጠረች። «ከቁጥጥር ነው የሚደውሉት?»

«ኧረ አይደለም! እኔም ተኳሽ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት።»

«ውይ፣ የኔ እናት!» ድምፁ ተለወጠ። «ሦስት ነው። አንዱ አልጋ ላይ፣ አንዱ ውሃ ውስጥ፣ አንዱ መደርደሪያ ላይ። አሁን እንኳ ሁለት ተኩል ይበሉት፤ ብዙው ቀዳዳ ሆኗል።»

«በረኪናው ይበዛል?»

«አለቃው ይብዛ ይላል፤ እኔ እቀንሳለሁ። ጨርቁን ይበላዋላ!»

ከዚያ በኋላ ወገብ ሕመሙን፣ እንፋሎቱን፣ ማታ ማታ የሚያብጠውን እግር፣ የታላቂቱን ዓይን አወሩ። ታላቂቱ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ ስታንኳኳባት ነው ተኳሿ ወደ ጉዳይዋ የተመለሰችው።

«እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። ሆቴሉ ጥሩ ነው?»

«አንሶላው ንጹህ ነው፤ በእጄ ነው የሚያልፈው። ሌላውን ግን እኔ ምን አውቃለሁ? አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ ከዚህ ምድር ቤት ወደ ላይ የወጣሁት ሁለት ጊዜ ነው። ብቻ ሊፍቱ ይቆማል ሲሉ እሰማለሁ። እህትዎ ዓይናቸውን ካመማቸው ምድር ላይ ያለውን ክፍል ይጠይቁ።»

ስልኩ ተዘጋ። በመጨረሻ ያገኘቻት እውነተኛ ምስክር ልክ እንደ እሷው ናት፤ ከሥር በኩል ነው የምታውቀው።

«ይቺ ሴት አልዋሸችም» አለች ታላቂቱ። «ያዢው።»

ያዘችው። የትኛውን ቁልፍ እንደተጫነች በቅጡ ባታውቅም «እንኳን ደስ አለዎት» የሚል መጣላት።

በቀጠሮው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ከረጅም የአውቶቡስ መንገድ በኋላ፣ ታክሲው ስልኩ ላይ ባለው አድራሻ ሆቴሉ በር አወረዳቸው። ተኳሿ ታላቋን በክንዷ፣ ሻንጣውን በሌላ እጇ ይዛ ገባች። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ስማቸውን አገኘችው። ጥሩ ምልክት ነው።

«ምድር ላይ ያለውን ክፍል ስጪን» አለች ተኳሿ፤ ነገሩን እንደምታውቅ ሰው። «ሊፍታችሁ ይቆማል አሉ።»

ልጅቷ ቅር አላት። «ሊፍታችን ቆሞ አያውቅም፣ እናቴ። ምድር ላይ ደግሞ ክፍል የለንም።»

«ላውንደሪ ያለችው ሴት ነገረችኝ እኮ!»

«የትኛው ላውንደሪ? እኛ ላውንደሪ የለንም። ልብሱን ውጭ ነው የምናሳጥበው።»

ተኳሿ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠችው። ያ ጉርምርምታ፣ ያቺ ሴት፣ ወገቧ፣ በረኪናው... ከማን ጋር ነው ታዲያ ስታወራ የነበረችው? አንድ አፍታ የሆነ ነገር ከጭንቅላቷ የወጣ መስሏት እህቷን ጨበጥ አደረገቻት።

«ኦ!» አለች ልጅቷ በመጨረሻ። «ቁጥር አንድ ጋ ደውለው ይሆናል። እኛ ቁጥር ሁለት ነን። ድልድዩን ሲሻገሩ ያለው ነው ቁጥር አንድ። ወንድማማቾች ነበሩ፤ ሲጣሉ ሆቴሉን ተካፈሉት፣ ስሙን ሁለቱም አንለቅም አሉ።»

ስልኳን አውጥታ አየችው። እውነትም ከስሙ ሥር፣ ትንኝ በምታክል ፊደል፣ «ቁጥር ሁለት» ይላል። ያን ሁሉ ቀን የመረመረችው ሌላ ሆቴል ነው! ወይስ ግማሹን የዚህን፣ ግማሹን የዚያን? ያ ድመት የማን ነው? የገዛ እግሩን ያነሳውስ ሰው የት ነበር? ውሉ ጠፋባት። ደግሞ ቁጥር አንድን ላስለውጥ ብትል ስለ ቁጥር አንድም የምታውቀው አንሶላውን ብቻ ነው።

«ይሄኛው አልጋ አለው?» ብላ ጠየቀች ታላቂቱ።

«አለን፣ እናቴ።»

«እንግዲያው ልጋደምበት። ደክሞኛል።»

ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱ ሳይቆም አደረሳቸው። ተኳሿ ሻንጣውን ሳትከፍት አንሶላውን ገልጣ በጣቷ አሸችው። ንጹህ ነው፤ ግን በደንብ ሳይደርቅ ስለታጠፈ ቀዝቀዝ ይላል። ነጭ ነው፤ ግን ከባለ ቀለም ልብስ ጋር ታጥቦ ነጭነቱ ትንሽ ደብዘዝ ብሏል። ትራሱ ጥሩ ነው። መስኮቱ ሲከፈት የሚታየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው፤ በዚያው ምክንያት የመንገድ ጩኸት የለም። ቧንቧው ቀይ በሆነው በኩል ቀዝቃዛ፣ በሰማያዊው በኩል ሙቅ ውሃ ያወርዳል፤ ታላቂቱ እጇን ልትቃጠል ለጥቂት ነው የተረፈችው። ተኳሿ በዚህ ተናድዳ ሳታበቃ የጽዳት ሠራተኛዋ ማንም ሳይጠራት መጣችና «ከሆስፒታሉ የሚመጡ ሰዎች ራሳቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚተኙት» ብላ ሁለት ትራስ ጨምራ ሄደች። እንዴት ያለ ሆቴል ነው ይሄ? ልታማርረው ስትል ደግ ይሆናል፤ ልታመሰግነው ስትል ያቃጥላል።

ኦፕራሲዮኑ እንደተባለው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ የተሸፈነውን ዓይን ፈታው። ታላቂቱ ሆስፒታል ውስጥ ብዙም አልተናገረች፤ በመንገድም ተኳሿን ይዛ መሬት መሬቱን እያየች ነበር የምትራመደው። የክፍላቸው በር ሲከፈት ግን ደፉ ላይ ቆመች።

«አንቺ!» አለች። «የዚህን ክፍል ነገር ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምኑን?»

«ነጭነቱን! ቤተ መንግሥት ነው እኮ! ግድግዳው፣ አልጋው... ኧረ ያ መጋረጃ!»

ተኳሿ ግድግዳውን አየች። ወይቧል። መጋረጃው ፀሐይ በልቶታል። «እትዬ፣ ይሄ እኮ አርጅቷል።»

«ይሄ? ይሄ ነው ያረጀ?» ታላቂቱ ዞር ብላ የእህቷን ፊት በአዲሱ ዓይኗ ቀርባ አየችው። «አንቺስ መቼ ነው እንዲህ ያረጀሽው?»

ተኳሿ ትሳቅ ወይስ ታልቅስ አላወቀችም፤ ሁለቱንም አንድ ላይ አደረገችው። ታላቂቱ ዓይኗን እንዳታሽ ተኳሿ እጇን ይዛት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ፣ ታላቂቱ ስታርፍ፣ ተኳሿ ድልድዩን ተሻግራ ቁጥር አንድን ፈልጋ አገኘችው። በፊት ለፊቱ በር ሳይሆን በኋላ በኩል፣ የሳሙና ሽታ ተከትላ ነው የወረደችው። ሴትዮዋ ከድምፅዋ ይልቅ ቀጭንና አጭር ነበረች። ተኳሿ ማን እንደሆነች ስትነግራት አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት፤ የስህተቱን ታሪክ ስትሰማ ደግሞ እስኪያስላት ሳቀች። ወዲያው የታጠበ አንሶላ አንድ ጫፍ ሰጠቻት። ማንም ሳያዝዝ ሁለቱ ሴቶች ወደ ኋላ ሄዱ፣ ጨርቁን ወጠሩ፣ ተጠጉ፣ አጠፉ፣ ደግመው ሄዱ። ሃያ ያህል አንሶላ አጣጠፉ።

«እርስዎ አይበሉኝ እንጂ» አለች ተኳሿ። «አንቺ በይኝ።»

«እሺ። ንገሪኝ እስቲ፣ ያኛው እንዴት ነው? እዚህ ሲያወሩ ያኛው በጣም ጥሩ ነው ይላሉ።»

«እንጃ።»

«ሦስት ቀን አድረሽበት?»

«አድሬበት። ለእትዬ ቤተ መንግሥት ነው።»

«ላንቺስ? ከዚህ ይሻላል?»

«የዚህን መቼ አየሁት? ያየሁት ያንቺን ላውንደሪ ነው» አለች ተኳሿ። ሁለቱም ሳቁ፤ ግን ተኳሿ እየሳቀች ጥያቄው እንዳልተመለሰ ይታወቃት ነበር።

ቤታቸው ከገቡ በኋላ ስልኩ «ቆይታዎ እንዴት ነበር? ከአስር ስንት ይሰጡናል?» እያለ ይነዘንዛት ጀመር። ታላቂቱ «አስር» አለች። ተኳሿ «ስድስት» አለች። በዚህ ሁለት ቀን ተኮራረፉ። ተኳሿ አንድ ቀን ቁጭ ብላ «አንሶላው ንጹህ ነው፤ ግን አይደርቅም። ቧንቧው ያቃጥላል፤ ሠራተኛዋ ደግ ናት። እህቴ አይታበታለች» ብላ ጻፈችና አነበበችው። ከሌሎቹ በምን ይለያል? የሚያነበው ሰው ከዚህ ምን ይይዛል? አጠፋችው።

ለሁለተኛው ዓይን ከአራት ወር በኋላ ተቀጠሩ። ጎረቤቶች «አሁንማ ታውቂዋለሽ፣ የቱን ትይዣለሽ?» ሲሏት «እኔ እንጃ፣ እናንተ ምረጡልኝ» ትል ጀመር። በዚህ ጊዜ ግን ስልኩን የወሰደችው ታላቂቱ ናት። በአንድ ዓይኗ እያየች፣ ሌላውን ጨፍና፣ ሩብ ሰዓት ያህል ገላለጠች።

«ይሄኛው ይሁን።»

«የቱ? ቁጥር አንዱ ነው ሁለቱ?»

«ሁለቱም አይደሉም። ሌላ ነው።»

«በምን መረጥሽው? አስተያየቱን አነበብሽ?»

«አላነበብኩም። በረንዳው ላይ ወንበር አለ። ቁጭ ብዬ መንገድ ማየት እፈልጋለሁ።»

«ወንበሩ የእነሱ መሆኑን በምን አወቅሽ፣ እትዬ? ለፎቶ አምጥተውት ቢሆንስ?»

ታላቂቱ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፣ አራቀች፣ እንደገና አስጠጋች።

«እንግዲህ ስንደርስ እናየዋለን» አለችና ቁልፉን ተጫነችው።